የቅርብ ጠበል፦ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አመራረጥ በካርቱም

በካርቱም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለት ዓይነት ነው፤ ቅርብ እና ሩቅ። ቅርብ የሚባለው ተማሪው አልጋው ላይ ተኝቶ ደወሉን የሚሰማው ነው። ሩቅ የሚባለው ለመድረስ ቢያንስ አንድ ድልድይ የሚሻገሩለት ነው። ስለ መምህራኑ ችሎታ፣ ስለ ቤተ ሙከራው፣ ስለ መጸዳጃ ቤቱ የሚነሱት ጥያቄዎች ከዚህ ክፍፍል በኋላ ይመጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ ሳይመለሱ ይቀራሉ። ጉዳዩ ሱዳናዊውንም፣ በደይም፣ በጀሪፍና በሰሃፋ ሰፈሮች የኖረውን ሐበሻም እኩል ያስጨንቃል። ሐበሻው ግን ሦስተኛ አማራጭ አለው፤ እሱ በቦታው ይታያል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ካርቱም የኖረ ሐበሻ የቤት ኪራይም የትምህርት ቤት ክፍያም የተጠየቀው በዚያ ነውና።

በአማርኛ የጉዳዩ ንድፈ ሐሳብ ጥንታዊ ቢሆንም በሁለት ጎራ የተከፈለ ነው። አንደኛው ጎራ «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ይላል። ጠበሉ ያው ጠበል ነው፤ በር ላይ ስለፈለቀ ግን በሽተኛው አልፎት ይሄዳል፣ ልጥ ያለው ሰው ይጠቀምበታል። ይኸው ጎራ «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚል ደጋፊ ማስረጃም አለው። ሁለተኛው ጎራ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» በሚለው ይጸናል። ሁለቱ ጎራዎች ፊት ለፊት ተከራክረው አያውቁም፤ ብዙውን ጊዜ የሚገኙት አንድ ሰው ውስጥ ስለሆነ ነው። ያችው እናት ልጇን ስታስመዘግብ የመጀመሪያውን፣ ጨው ሲያልቅባት ሁለተኛውን ትጠቅሳለች።

ከጽሑፍ ማስረጃዎች ቀዳሚው የንግሥተ ሳባ ነው። ክብረ ነገሥት እንደሚተርከው ንግሥቲቱ ጥበብ ፍለጋ እስከ ኢየሩሳሌም ተጓዘች። ስለ መምህሩ የሰማችው እንደ ዛሬው ወላጅ በሰው ወሬ፣ በነጋዴው በታምሪን አፍ ነበር። ተምራ ተመለሰች፤ ስትመለስ ግን ፀንሳ ነበር። የሩቁ ጎራ የታሪኩን የመጀመሪያ አጋማሽ፣ ሴት ልጅ ያላቸው ወላጆች ደግሞ ሁለተኛውን አጋማሽ ይጠቅሳሉ። በዚህም ምክንያት አንድ ቤተሰብ ወንዱን ልጅ ድልድይ አሻግሮ፣ እህቱን ከግድግዳ ማዶ አስመዝግቦ ሲገኝ ተቃርኖ አለበት አይባልም፤ ምንጩ አንድ ነው።

ርቀት በካርቱም በኪሎ ሜትር አይለካም። ነጭ ዓባይና ሱዳኖች ሰማያዊ የሚሉት የእኛው ዓባይ ሙቅረን ላይ ሲገናኙ ከተማዋን ካርቱም፣ ኦምዱርማንና ባሕሪ ብለው ለሦስት ይከፍሏታል። (ዓባይ ራሱ የሩቁ ጎራ አባል ነው፤ ጣናን የሚያህል ውኃ ደጃፉ እያለ ግንድ ይዞ እዚህ ድረስ መጥቷል።) ስለዚህ መለኪያው ድልድይ ነው። ከሰሃፋ ተነስቶ በዚያው በካርቱም በኩል አሥር ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ልጅ «ሰፈር ውስጥ ይማራል» ይባላል። ከባሕሪ በሰማያዊ ዓባይ ድልድይ ተሻግሮ መሐል ካርቱም የሚወርደው ግን፣ መንገዱ ከዚያ ግማሽ እንኳ ባይሞላ፣ ሩቅ ነው የሚማረው። የቱቲ ደሴት ልጆች ጉዳይ ከዚህም የጠለቀ ነው። ደሴቲቱ በሁለቱ ወንዞች መገናኛ ላይ ተቀምጣ የካርቱምን ሕንፃዎች መስኮት በመስኮት ታያለች፤ ተንጠልጣዩ ድልድይ በ2000ዎቹ መጨረሻ እስኪሠራ ድረስ ግን ወደዚያ የሚያደርሰው ጀልባ ነበር። የቱቲ ተማሪ መምህሩ ግቢ ሲገባ በዓይኑ እያየ ሊያረፍድ ይችል ነበር።

የሩቅ ትምህርት ቤት ክብር ከየት እንደመጣ ማወቅ ይቻላል። እንግሊዛዊው ጄኔራል ኪችነር ካርቱምን ከያዘ በኋላ ካርቱም ላይ ለተገደለው ለጄኔራል ጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ማሠሪያ ይሆን ዘንድ እንግሊዞችን አንድ መቶ ሺህ ፓውንድ ጠየቀ፤ ገንዘቡም ተገኘ። የመሠረት ድንጋዩ በ1899 ተጣለ፣ ትምህርት ቤቱ በ1902 ተከፈተ። ለረጅም ዘመንም የአገሪቱ ብቸኛ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እሱ ነበር። በዚያን ጊዜ ሱዳን ሁለት ሚሊዮን ተኩል ካሬ ኪሎ ሜትር ነበረች። ለዳርፉር ልጅ፣ ለካሳላ ልጅ፣ ለዶንጎላ ልጅ ሁለተኛ ደረጃና ሩቅ አንድ ቃል ነበሩ። ቅርብ የሚባል ነገር ስላልነበረ ምርጫው ወላጅን አያስጨንቅም ነበር፤ የጉዳዩ ታሪክ ካወቃቸው ዘመናት ሁሉ ሰላማዊው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

መንግሥት ትምህርት ቤት ሲያበዛ ወደ ሕዝቡ ያቀርበዋል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። የሆነው ሌላ ነው። በ1946 ሁለት ታላላቅ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ አንዱ ሐንቱብ፣ ሌላው ዋዲ ሰይድና። በ1950 ደግሞ ከኤል ኦበይድ አጠገብ ኾር ተቀት ተጨመረ። ሐንቱብ ከካርቱም አንድ መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኝ ሲሆን፣ ከተማ እንዳይባል ከዋድ መዳኒ በወንዝ ማዶ ነው። ዋዲ ሰይድና ከኦምዱርማን በስተ ሰሜን፣ አሸዋና እሾህ መሐል ነው፤ በኋላ ግቢው ለጦር ኮሌጁ ሲሰጥ ብዙ ማስተካከያ የጠየቀ አይመስልም። በሦስቱም ዘንድ የሐሳቡ መሠረት አንድ ነው፤ ልጅ ከእናቱ ካልራቀ አልጀብራ አይገባውም።

በዚያው በ1946 አዲስ አበባ ላይ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ እሱም አዳሪ ነበር። ስሙን ያገኘበት ኦርድ ዊንጌት በሱዳን መከላከያ ኃይል ያገለገለ፣ በ1941 መጀመሪያ ከሱዳን በኩል ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ወደ ጎጃም የገባ መኮንን ነው። አንድ ሐበሻና አንድ ሱዳናዊ አባት ዛሬ ቁጭ ብለው ስለ ሩቅ ትምህርት ቤት ቢያወጉ፣ አንዱ የሌላውን ሐሳብ ያለ አስተርጓሚ የሚረዳው ስለዚህ ነው።

የሐንቱብ ዓርማ ሁድሁድ የምትባለው ባለ ጉትዬ ወፍ ነበረች፤ በቁርኣን ለሰሎሞን የሳባን ወሬ ያመጣችለት እሷ ናት። ትምህርት ቤቱ ያፈራቸውን ሰዎች ሲቆጥሩ ወላጆች ሁልጊዜ የሚጠሩት ሦስት ስም አለ። በ1940ዎቹ አንድ ግቢ ውስጥ የተማሩት ጃዕፈር ኒሜሪ፣ ሐሰን አል ቱራቢና ሙሐመድ ኢብራሂም ኑጉድ ናቸው። የመጀመሪያው በ1969 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዘ። ሁለተኛው የእስላማዊው እንቅስቃሴ መሪ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ለዓመታት አሰረው። ሦስተኛው ከ1971 ጀምሮ የኮሚኒስት ፓርቲው ዋና ጸሐፊ ሆኖ፣ የመጀመሪያው እስከ ወደቀበት እስከ 1985 ድረስ ተደብቆ ኖረ። አዳሪ ትምህርት ቤት የዕድሜ ልክ ትውውቅ ያተርፋል የሚለው የሩቁ ጎራ መከራከሪያ በዚህ ማስረጃ ላይ የቆመ ነው።

የቅርቡ ጎራ በታሪክ የሚያቀርበው ማስረጃ አንድ ቢሆንም ከባድ ነው። ሼክ ባቢክር በድሪ በ1907 በሩፋዓ ከተማ የሴቶች ትምህርት ቤት ሲከፍት በገዛ ቤቱ ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ገሚሶቹ የራሱ ልጆች፣ የቀሩት የጎረቤት ነበሩ። ከዚህ የቀረበ ትምህርት ቤት በሱዳን ታሪክ አይታወቅም። ኦምዱርማን የተቋቋመው የአሕፋድ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ ዘሩ ከዚያ ቤት ነው። ይህ ምሳሌ በወላጆች ክርክር ላይ ብዙም አይጠቀስም። ትምህርት ቤት ቤት ውስጥ ከተከፈተ ለመዋሳላት (ለመጓጓዣ) የሚወጣ ወጪ አይኖርም፤ ወጪ የሌለበት ትምህርት ደግሞ ለዘመድ አይወራም።

የቅርብና የሩቅን ልዩነት በሕግ ቋንቋ ያጸደቀው ግን የትምህርት ሚኒስቴር ነው። በ1970 ገደማ ሙሕየዲን ሳቢር ሚኒስትር ሳለ የትምህርት መሰላሉ ስድስት፣ ሦስት፣ ሦስት ሆነ፤ በ1990ዎቹ ስምንትና ሦስት፤ ከ2019 በኋላ ደግሞ ወደ ስድስት፣ ሦስት፣ ሦስት ተመለሰ። ስምንትና ሦስት በነበረበት ዘመን የስምንተኛ ክፍል ፈተና ከ280 ይታረም ነበር። ከፍ ያለ ያመጣው «ነሙዘጂያ» ወደሚባለው፣ ዝቅ ያለው «ጁግራፊያ» ወደሚባለው ሁለተኛ ደረጃ ይመደብ ነበር። ነሙዘጂያ ማለት ሞዴል ነው። ጁግራፊያ ማለት ጂኦግራፊ ነው። ተማሪው የተመደበው ለሰፈሩ ስለሚቀርብ ነው ለማለት የወጣ ስም ሲሆን፣ ስለ ትምህርት ቤቱ የሚናገረውም ይህንኑ ብቻ ነው፤ የሆነ ቦታ ላይ መኖሩን። የቢሮው ሰው ክፉ አስቦ የሰየመው አይመስልም። ሆኖም ልጇ የት እንደገባ የተጠየቀች እናት «ጂኦግራፊ ገባ» ብላ ስትመልስ ጠያቂዋ ሌላ አይጠይቅም፤ ስለ አየሩ ያወራል።

ይህ አሠራር አንድ ያልታሰበ ችግር ወለደ። ነሙዘጂያውም ቢሆን የሆነ ቦታ ላይ መሠራት ነበረበትና፣ በአጥሩ ሥር የሚኖሩ ቤተሰቦች ተገኙ። ለእነዚህ ቤተሰቦች ሞዴሉ ትምህርት ቤት ቅርብ ነው፤ ቅርብ ከሆነ ደግሞ ጠበሉ ልጥ ይነከርበታል። ልጆቻቸው ከአጥሩ በላይ ኳስ ሲያመልጣቸው ዘለው ገብተው ያመጣሉ፤ ዘበኛውን በቅጽል ስሙ ይጠሩታል፤ የፊዚክሱ ኡስታዝ (መምህር) ከሱቅ በዱቤ ሽንኩርት ሲወስድ አይተዋል። እንዲህ በቅርብ የታወቀ ትምህርት ቤት ሞዴል ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ወላጁ በወንዝ ማዶ ያለውን ሌላውን ሞዴል ይፈልጋል። በወንዝ ማዶ ያለውም ወላጅ እንዲሁ። በዚህ ምክንያት በየማለዳው በኦምዱርማን ድልድይ ላይ በተማሪ የተሞሉ ሁለት ሐፍላዎች (ሚኒባሶች) ይተላለፉ ነበር፤ እያንዳንዳቸው የሌላኛዋ ተሳፋሪዎች ሰፈር ወዳለው ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር። መስኮት ላይ የተቀመጡት ልጆች በመልክ ይተዋወቁ ነበር።

መጓጓዣው ራሱን የቻለ ሥርዓተ ትምህርት ነው። የሩቁ ተማሪ በመጀመሪያው ወር የኩምሳሪውን የእጅ ቋንቋ ይማራል። ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ በጣቱ የሚያሳየው ምልክት መስመሩ ወዴት እንደሆነ ይናገራል፤ ሳያነበው የተሳፈረ ሰው ሌላ ከተማ ይወርዳል። መውረድ ሲፈለግ «ወራጅ አለ» አይባልም፤ ጣት ይጮሃል። ሂሳብ ሲጠየቅም እንዲሁ ጣት ይጮሃል። ከአዲስ አበባ ታክሲ የመጣ ሐበሻ ይህን ጸጥታ መጀመሪያ እንደ ኩርፊያ ይቆጥረዋል። ከዚያ ጃክሰን መናኸሪያ ላይ ወርዶ ሁለተኛ ሐፍላ መያዝ አለ፤ አርባ ዲግሪን ባለፈ ሙቀት፣ ሀቡብ በሚነሳበት ወቅት ደግሞ ከተማዋ በአቧራ ግድግዳ ስትሸፈን። እንዲህ ሆኖ ክፍል የደረሰ ልጅ ያንቀላፋል። ወላጁ ግን ልጁ ደክሞ ሲመለስ ባየ ጊዜ ትምህርቱ ከባድ እንደሆነ ይረዳል፤ በምርጫውም ይጽናናል።

አቅም ያለው ቤተሰብ ልጁን ለሐፍላ አይሰጥም፤ ተርሒል ይይዝለታል። ተርሒል በየወሩ የሚከፈልበት፣ ልጆችን ከየደጃፉ የሚለቅም ሚኒባስ ነው። በዓረብኛ ያው ቃል ወረቀት የሌለውን ሰው ከአገር ማስወጣት ማለትም ስለሆነ፣ አዲስ የመጡ የሐበሻ ቤተሰቦች «ልጁን ነገ ተርሒል ይወስደዋል» ሲባሉ የሚያሳዩት ድንጋጤ በነባሮቹ ዘንድ የታወቀ ነው። ተርሒል ቅደም ተከተሉ የሾፌሩ ስለሆነ ርቀትን አዲስ ትርጉም ይሰጠዋል። ከትምህርት ቤቱ ሁለት መንገድ ብቻ ርቆ የሚኖር ልጅ መጀመሪያ ከተጫነ፣ ከተማዋን ዞሮ ወደ ገዛ ሰፈሩ የሚመለሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ይህ ልጅ ቅርብ ትምህርት ቤት የሚማረው በሩቅ መንገድ ነው፤ ሁለቱንም ጎራ ያስማማ ብቸኛው የታወቀ መፍትሔም ይኸው ነው፤ ከልጁ በስተቀር የተቃወመው የለም።

ሰዓትም በጉዳዩ ገብቷል። በጃንዋሪ 2000 የሱዳን መንግሥት ሕዝቡ በማለዳ እንዲነሳ ብሎ የአገሪቱን ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደፊት ገፋው፤ ስሙንም ቡኩር አለው። በጃንዋሪ ፀሐይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሃያ ትወጣ የነበረችው 1 ሰዓት ከሃያ መውጣት ጀመረች። የሩቁ ተማሪ በጨለማ ወጥቶ፣ ሐፍላውን በመብራቱ ለይቶ የሚሳፈር ሆነ። በአዋጅ፣ አንድም ትምህርት ቤት ሳይንቀሳቀስ፣ ሁሉም በአንድ ሰዓት ራቁ። እስከ ኖቬምበር 1 ቀን 2017 እንዲህ ቆይቶ ሰዓቱ ወደ ቦታው ተመለሰ። በነዚያ አሥራ ስምንት ገደማ ዓመታት የካርቱምና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አዲስ አበባ ያለች አያት የልጅ ልጇን ከትምህርት ቤት መመለስ ለመጠየቅ ስትደውል ልጁ ገና ክፍል ውስጥ ነው።

ሳምንቱም እንዲሁ አንድ አይደለም። የሱዳን የዕረፍት ቀን ዓርብና ቅዳሜ ነው። በ1929 የተቋቋመው መሐል ካርቱም ያለው ኮምቦኒና ሌሎች የክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ግን ለረጅም ጊዜ እሑድን ይዘጉ ነበር። አንድ የሐበሻ ቤተሰብ ሩቅ የሆነውን ኮምቦኒን የሚመርጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነበር፤ ቅዳሴው ከፊዚክስ ጋር አይጋጭም። በ2017 የካርቱም ትምህርት ባለሥልጣናት የክርስቲያን ትምህርት ቤቶችም እሑድ እንዲያስተምሩ አዘዙ። ምክንያቱ በዚያው ቢወድቅም ብዙዎቹ ልጆቻቸውን አላዛወሩም፤ ከዚህም እሑድ ከምክንያቶቹ መሐል ዋነኛው እንዳልነበረ መገመት ይቻላል።

አሁን ወደ ቅርቡ እንመለስ። የቅርብ ትምህርት ቤት መለያ ባሕርይ ማርፈድ ነው። ድልድይ የሚሻገረው ልጅ በጨለማ ተነስቶ ከደወሉ በፊት ግቢ ሲገኝ፣ ከግድግዳ ማዶ ያለው ልጅ ደወሉን ሰምቶ ነው ፊቱን የሚታጠበው። ሁለተኛው ባሕርይ የመረጃ ፍሰት ነው። በሩቅ ትምህርት ቤት የልጁ ውጤት በወረቀት፣ በተርም መጨረሻ፣ ልጁ ራሱ ካመጣው ይመጣል። በቅርቡ ግን ኡስታዙ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤቱ ማዶ ካለችው ሲት ሻይ (ሻይ ሻጭ) ዘንድ ተቀምጦ ዝንጅብል ያለበት ቡና ይጠጣል፤ እሷም ብዙ ጊዜ ሐበሻ ናት። ሁለተኛው ሲኒ ሳያልቅ የልጁ የሂሳብ ውጤት ሰፈር ደርሷል፤ ልጁ ቤት ሲገባ ፍርዱ ተጠናቆ ይጠብቀዋል። ልጆች በአንድ ድምፅ ሩቁን የሚመርጡት ስለዚህ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። የሚጠየቁ ቢሆን ኖሮ ማለት ነው።

ሦስተኛው ባሕርይ ፉጡር ነው። የሱዳን ቁርስ ረፋድ ላይ ስለሆነ የትምህርት ቀኑን ለሁለት ይሰነጥቀዋል። የቅርቡ ልጅ ቤቱ ደርሶ በልቶ ይመለሳል። የሩቁ ግን ከግቢው መደብር ገዝቶ ይበላል፤ ፉል ላይ ዳቦ የተፈተፈተበት ቡሽ፣ ወይም ጠዕሚያ በዳቦ። ስለዚህ የሩቅ ትምህርት ቤት ዋጋ የሚታሰበው በዳቦ ነው። ነገሩ ቀላል መስሎ የታያቸው አስተዳዳሪዎች ተሳስተዋል። በዲሴምበር 19 ቀን 2018 አትባራ ላይ የዳቦው ዋጋ ቁርሳቸውን የነካባቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ። ሰልፉ ተዛምቶ ካርቱም ደረሰ፤ በኤፕሪል 11 ቀን 2019 ሠላሳ ዓመት የገዙት ዑመር አል በሺር ወረዱ። ከዚያ በኋላ ስለ ትምህርት ቤት መደብር የሚጻፍ ጥናት ሁሉ በጥንቃቄ መጻፍ አለበት።

በኦክቶበር 2021 መፈንቅለ መንግሥት ከተደረገ በኋላ ደግሞ ድልድዮቹ በኮንቴይነር ይዘጉ ጀመር። የሰፈር ተቃውሞ ኮሚቴዎች የወሩን ሰልፎች በቀን ለይተው አስቀድመው ያሳውቁ ነበር፤ ባለሥልጣናቱም በዚያው ቀን ኮንቴይነሮቹን በክሬን ያወርዱ ነበር። ለወላጅ ይህ መርሐ ግብር ከትምህርት ሚኒስቴሩ ካላንደር ይልቅ የሚታመን ሆነ። ማክሰኞ ድልድይ ዝግ ነው ከተባለ ዝግ ነው። በእነዚህ ወራት የቅርቡ ጎራ ለመጀመሪያ ጊዜ የበላይነት አገኘ፤ ጎረቤት ከዘመድ መሻሉም በሰፊው ተጠቀሰ። ኮንቴይነሮቹ በተነሱ ማግስት ግን ሐፍላዎቹ እንደገና ድልድዩ ላይ ይተላለፉ ነበር።

የሐበሻው ሦስተኛ አማራጭ ከዚህ ሁሉ የራቀ ነው፤ ልጁን አገር ቤት ለአያቱ መላክ። መንገዱ ከካርቱም በገዳሪፍ አድርጎ ገላባት፣ ትንሿን ድልድይ ተሻግሮ መተማ፣ ከዚያ ጎንደር ነው። ድልድይ የርቀት መለኪያ መሆኑን እዚህም ልብ ይሏል፤ ይህኛው ግን ፓስፖርት ይጠይቃል። ወላጆች ለዚህ ምርጫ የሚሰጡት ምክንያት «አማርኛው እንዳይጠፋበት» የሚል ነው። ልጁ ጎንደር ፋሲለደስ ትምህርት ቤት ሲገባ ግን የክፍል ጓደኞቹ «ሱዳኔው» የሚል ስም ያወጡለታል፤ ካርቱም እያለ «ሐበሺ» ይባል የነበረው ያው ልጅ ነው። ከተማ ውስጥ የቀሩት ደግሞ የአገር ቤቱን ሥርዓተ ትምህርት በሚከተለው በኮሚዩኒቲው ትምህርት ቤት ይማሩ ነበር፤ ይህ ለአንዳንዱ የሐበሻ ልጅ በእግር ቅርብ፣ ለሱዳን ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ግን ሩቅ ነበር። በሱዳን ትምህርት ቤት የሚማረው ልጅ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነበር።

አገር ቤት ያለው መንግሥትም ርቀት ያስተምራል የሚለውን ሐሳብ በሰፊው ሞክሮታል። በኦክቶበር 2022 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ኩረጃን ለመከላከል ሲባል ከየትምህርት ቤታቸው ተነስተው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እያደሩ እንዲፈተኑ ተደረገ። ለጊዜው ቅርብ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር ቀረ፤ ሁሉም ሩቅ ሄደ። ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ሆኑ። የሩቁ ጎራ ርቀቱ የበለጠ መሆን እንደነበረበት ይናገራል።

ውሳኔው በአንድ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሰጥ መግለጽ አጭር ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቡና ይፈላል። አጎት ሩቁን ይደግፋል፤ እሱ ልጁን አያደርሰውም። አባት ክፍያውን ያሰላል። አክስት የሌላ ሰው ልጅ ስም ትጠራለች፤ የዚያ ልጅ ስም የሱዳን ሰርተፊኬት (የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና) ውጤት በሚኒስቴሩ ጋዜጣዊ መግለጫ ሲነገር በራዲዮ የተነበበ ነው፤ የተማረውም ከድልድይ ማዶ ነው። እናት ዝም ትላለች፤ ይህ ማለት ወስናለች ማለት ነው። ልጁ የሚጠራው ስኳር እንዲያመጣ ነው።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023፣ በረመዳን፣ ቅዳሜ ጠዋት ካርቱም ላይ ጦርነት ተጀመረ፤ ቅርቡም ሩቁም ትምህርት ቤት በአንድ ቀን ተዘጋ። በኖቬምበር የሸምባት ድልድይ ፈረሰ፤ ኦምዱርማንን ከባሕሪ የሚያገናኘው ነበር። ከካርቱም የሸሹ ብዙ ቤተሰቦች ዋድ መዳኒ ተጠግተው ነበር። በዲሴምበር 18 ቀን 2023 ከጦር ሠራዊቱ ጋር የሚዋጋው ፈጥኖ ደራሹ ኃይል መዳኒ ገባ፤ የገባውም በሐንቱብ ድልድይ ነው። በመተማ በኩል የወጡት የሐበሻ ቤተሰቦች ጎንደር ቢደርሱም፣ ከዚያው ዓመት ኦገስት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ውጊያ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉባቸው። ትምህርት ቤት የሚፈልግ ወላጅ ከዚያ ወዲህ የሚጠይቀው የተከፈተው የትኛው እንደሆነ ነው።

የ2023 ተማሪዎች የሱዳን ሰርተፊኬት ፈተና የተሰጠው ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ፣ በጦር ሠራዊቱ እጅ በነበሩ ግዛቶችና ግብፅን በመሳሰሉ ጎረቤት አገሮች ነው። ከዳርፉርና ከኮርዶፋን የተነሱ ተማሪዎች የጦር ግንባር ዞረው፣ ቀናት ተጉዘው ፈተናው ደርሰዋል። ወደ ካይሮ ተሰደው የነበሩት ደግሞ በከተማ ባቡር ሄደው ተፈትነዋል።